ጋራዥ ውስጥ የተቀዳው አልበም፦ የባቶሪ ሻካራ ድምፅ ለምን ይወደዳል?

የስዊድኑ ባቶሪ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን የቀዳው በጁን 1984 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከተማው ስቶክሆልም፣ ስቱዲዮው ደግሞ ቀድሞ የመኪና ጋራዥ የነበረ ክፍል ነው። በባንዱ ስም የተጠራው ይህ አልበም መግቢያውና መዝጊያው ተደምረው 27 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ጊታሩ እንደ ተቆጣ የንብ መንጋ ይጮኻል፤ ድራሙ ከግድግዳ ወዲያ የሚመታ ይመስላል፤ ቤዝ ጊታሩን ለይቶ ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ድምፃዊው የሚለውን ግጥሙን ያላነበበ ሰው አይለየውም። መጀመሪያ የሰማው ሰው ስፒከሩ የተቀደደ መስሎት ገመድ መነካካት ቢጀምር አይፈረድበትም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ግን አልበሙ ዛሬም ይታተማል፣ ይሸጣል። ሙሉ ስቱዲዮ በእጃቸው ያለ ሙዚቀኞች ያንን ድምፅ ለመድገም ይደክማሉ፤ አብዛኞቹ አይሳካላቸውም። «በደንብ ያልተቀዳ ነገር እንዴት ይወደዳል?» ሲባል «ትዝታ ነው» ወይም «ጉርምስና ነው» ተብሎ ይታለፋል። መልሱ ከዚያ ይጠልቃል፤ አብዛኛው ክፍሉም በቴፕ ክር፣ በግድግዳ፣ በአምፕሊፋየርና በጊታር አመታት የሚብራራ ነው።

## ኤክስትሪም ሜታል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሄቪ ሜታል በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተለይ እንግሊዝ ውስጥ የበቀለ፣ በከፍተኛና በሻከረ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚመራ የሮክ ቅርንጫፍ ነው። ኤክስትሪም ሜታል ደግሞ በ1980ዎቹ ከዚያ ወጥተው ፍጥነቱንም፣ ሻካራነቱንም፣ ጨለማውንም እስከ ጥግ የገፉ ስልቶች የጋራ መጠሪያ ነው፤ ትራሽ ሜታል፣ ዴዝ ሜታል፣ ብላክ ሜታልና ግራይንድኮር በዚህ ስር ይገባሉ። ድምፃዊው በአብዛኛው አያዜምም፤ ይጮኻል ወይም ያጓራል።

በር ከፋች የሚባለው ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከኒውካስል የመጣው ቬኖም ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በሦስት ቀን ተቀድቶ አለቀ፤ ሙዚቀኞቹ ለናሙና የሚቀዱ መስሏቸው ነበር፤ አሳታሚው ግን እንዳለ አወጣው። በ1982 ያወጡት ሁለተኛው አልበም ርእሱ «ብላክ ሜታል» ነበር፤ ስልቱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

## ባቶሪስ ማን ነው?

ባንዱን በ1983 የመሠረተው የ17 ዓመት ልጅ ነው። የመድረክ ስሙ ኳርቶን ይባላል፤ ጊታሩንም ጩኸቱንም የያዘው እሱ ነበር። የባንዱ ስም የተወሰደው ስለ ጭካኔዋ ብዙ አፈ ታሪክ ከሚነገርላት የሀንጋሪ መኳንንት ሴት፣ ከኤልሳቤጥ ባቶሪ ነው። በ1984 መጀመሪያ አንድ የስዊድን አሳታሚ የስካንዲኔቪያ የሜታል ባንዶችን በአንድ ሸክላ ሲያሰባስብ ባቶሪ ሁለት ዘፈን ይዞ ገባ። ሸክላው ሲወጣ ከአድማጭ የመጣው ደብዳቤ አብዛኛው ስለ ባቶሪ የሚጠይቅ ሆነ። ሙሉ አልበም የተጠየቁት ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ወደ ጋራዡ ሲገባ 18 ዓመቱ ነበር፤ በጀቱም ለአዲስና ላልታወቀ ባንድ የሚሰጥ ዓይነት ነው።

## «ስምንት ትራክ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጋራዡ ውስጥ የነበረው የመቅጃ ጠረጴዛ እዚያው በእጅ የተገጣጠመ፣ ስምንት ትራክ ያለው ነበር። ትራክ ማለት በቴፑ ክር ላይ ከሌሎቹ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ለብቻው የሚቀዳና በኋላም ለብቻው ከፍ ዝቅ የሚደረግ መስመር ነው። በዚያ ዘመን ትልቅ ስቱዲዮ 24 ትራክ ነበረው።

በየዓይነቱ የቀረበበትን ትሪ አስቡ። ስምንት ወጥ ብቻ ተለያይቶ የሚቀመጥበት እንጀራ ነው ያላችሁ። ዘጠነኛ ወጥ ከመጣ ሽሮውንና ምስሩን አንድ ላይ ደባልቃችሁ ቦታ መልቀቅ አለባችሁ፤ አንዴ ከተደባለቁ ደግሞ «ምስሩ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ምስሩን ብቻ ማስተካከል አይቻልም።

ሂሳቡ ቶሎ ያልቃል። ለኪክ ድራሙ (በእግር ለሚመታው ትልቁ) አንድ፣ ለስኔሩ (ስል ድምፅ ላለው ትንሹ ድራም) አንድ፣ ከላይ ሆነው ሲምባሎቹን (የብረት ሳህኖቹን) እና ቀሪውን ድራም ለሚሰሙ ሁለት ማይኮች ሁለት፤ አራት ሄደ። ቤዝ ጊታር አንድ፣ ጊታር ግራና ቀኝ ሁለት፣ ድምፃዊ አንድ፤ ስምንት ሞላ። ባቶሪ በትክክል እንዲህ አከፋፈሉት ማለቴ አይደለም፤ በስምንት ትራክ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ሂሳብ ነው። ተጨማሪ ጊታር የፈለገ ሰው ድራሙን ወደ አንድ ወይም ሁለት ትራክ አጠራቅሞ የድሮዎቹን ያጠፋል። በዚያች ቅጽበት የስኔሩ ከፍታ ለዘላለም ተወሰነ ማለት ነው። ጊታር ሲደረብበት ስኔሩ ቢጠፋ ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ የለም።

ማጠራቀም ሌላም ዋጋ አለው፤ የቴፑ ሹሹታ፣ ከጀርባ የሚሰማው «ሽሽሽ» ነው። እኩል ሹሹታ ያላቸው ሁለት ትራኮች ሲደባለቁ ሹሹታው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ያድጋል። የቴፑ ስፋት ሳይጨምር የትራኩ ቁጥር ሲበዛም እያንዳንዱ መስመር ይቀጥናል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ከሹሹታው በላይ ያለው ርቀት ሌላ 3 ዴሲቤል ያጣል። ስለዚህ የሚቀዳው ባለሙያ ሹሹታውን ለመቅበር ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ቴፑ ይልካል። ቴፕ ከአቅሙ በላይ ሲላክበት እንደ ኮምፒውተር በድንገት አይሰበርም፤ የድምፁን ጫፎች እየተጫነ ያለዝባቸዋል፣ ቀጭኑን ድምፅም ይበላል። በዚህ ዘመን ቀረጻዎች ውስጥ ድራሙ የታፈነ ሆኖ ክብደት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

## ጊታሩ ለምን እንደ ንብ ይጮኻል?

ዲስቶርሽን የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚኒባስ ታክሲ ሬዲዮ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ስፒከሩ «ክርርር» የሚለው እሱ ነው። የድምፅ ሞገድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅ ኮረብታ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ጣራና ወለል አለው። ሞገዱ ከጣራው በላይ ሲያድግ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከቁርጡ ቀድሞ ያልነበሩ ድምፆች ይወለዳሉ። ወፍራሙ የጊታር ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ሲቆረጥ የ165ቱ፣ የ247ቱ፣ የ330ው ድምፅ ሁሉ ጉልበት ያገኛል። አንድ ክር መትታችሁ የብዙ ክር ድምፅ ታገኛላችሁ።

ሁለት ኖታ አብሮ ሲመታ ነገሩ የበለጠ ይገርማል። ሜታል ውስጥ በብዛት የሚመታው ፓወር ኮርድ የሚባለው ሁለት ኖታ ነው፤ የርግብግቢቱ ምጣኔ 2 ለ 3 ነው፤ ለምሳሌ 82 እና 123 ሄርዝ (በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር)። በዲስቶርሽን ውስጥ አብረው ሲያልፉ የልዩነታቸው ድምፅ ይወለዳል፦ 41 ሄርዝ። ይህ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ የሚሰጠው ኖታ ነው። ጊታር ላይ ማንም አልመታውም፤ ግን አለ። ሦስተኛ ኖታ ከጨመራችሁ ግን፣ ኮርዱን የደስታ ወይም የኀዘን የሚያደርገውን ያንን ኖታ፣ ልዩነቶቹ እርስ በርስ ይጋጩና ድምፁ ወደ ጭቃ ይለወጣል። ስለዚህ የዚህ ስልት ጊታሪስቶች ያንን ኖታ ያወጡታል። ዜማው ደስተኛም አዛኝም ሳይሆን የሚቀረው፣ ያ ባዶና ቀዝቃዛ ስሜት የሚመጣው፣ በከፊል ከዚህ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፦ የመሣሪያው ጠባይ ዜማው ምን መሆን እንዳለበት ወሰነ።

በዚህ ላይ የአምፕሊፋየሩ መጠን ይጨመራል። ቤት ውስጥ ለልምምድ የሚሆን ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ስፒከሩም ትንሽ ሲሆን፣ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በአግባቡ ማውጣት አይችልም። ጉልበቱ ሁሉ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ ላይ ይከማቻል። ጆሮ ደግሞ በጣም የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ነው። ንቦቹ የሚኖሩት እዚያ ነው።

የአመታቱ ፍጥነትም አለ። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ዘፈን ውስጥ እያንዳንዱ ምት ለአራት ከተከፈለ ፒኩ (ክሩ የሚመታበት ትንሽ ቁራጭ) በሴኮንድ 12 ጊዜ ክሩን ይመታል፤ በየ83 ሚሊ ሴኮንዱ አንድ ጊዜ። በዲስቶርሽን የሚረዝመው ድምፅ ከዚያ በፊት ስለማይጠፋ አንዱ ምት በሌላው ላይ ይደረባል። የሚሽከረከር ማራገቢያ ክንፉ ተቆጥሮ እንደማይታይ ሁሉ፣ ጆሮም ምቶቹን መቁጠር ትቶ አንድ የሚንቀጠቀጥ ግድግዳ ይሰማል።

ሻካራ ድምፅ ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነገር መሆኑ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የበገና ደርዳሪ በክሩና በድልድዩ መካከል ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች የሚያስገባው ክሩ ቆዳውን እየነካ «ዝዝዝ» እንዲል ነው፤ ቆዳውን ጥቂት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያንቀሳቀሰም ያንን ንዝረት ያስተካክላል። ቆዳው ቢወጣ ድምፁ ይጠራል፤ በገናነቱ ግን ይጎድላል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከባቶሪ ጋር በይዘት የሚያገናኘው ምንም የለም። ያነሳሁት ንጹሕ ድምፅና ጥሩ ድምፅ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ስላላገኘሁ ነው።

## ጋራዡ ራሱ ድምፁን ምን አደረገው?

ሙያዊ የመቅጃ ክፍል ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ነገር የተሸፈነ፣ ብዙ ጊዜም ፊት ለፊት የሚተያዩ ግድግዳዎች እኩል እንዳይጋጠሙ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጋራዥ ግን ለመኪና ነው የተሠራው፤ ደረቅ ወለል፣ ደረቅ ግድግዳ፣ ሳጥን።

ለምሳሌ ስፋቱ 3፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከ3 ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ ነጥሮ የሚመለስ ድምፅ 6 ሜትር ተጉዞ በ17 ሚሊ ሴኮንድ ይደርሳል። ይህ እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ እንዳይሰማ በጣም ፈጣን ነው፤ ከመጀመሪያው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ቆርቆሮ ውስጥ የተመታ ያስመስለዋል። ድራሙ «ሩቅ» የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ማይኩ ከድራሙ የሚሰማውን ያህል ከግድግዳውም ይሰማል።

ወፍራም ድምፅ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የክፍሉ ስፋት 3 ሜትር ከሆነ 57 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያሳብጣል፤ ጥቂት ራቅ ያለው ኖታ ግን አያብጥም። ቤዝ ጊታሪስቱ ሁሉንም ኖታ እኩል ጉልበት ሰጥቶ ቢመታም አንዱ ይፈነዳል፣ ሌላው ይጠፋል። ማይኩን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ የቤዙን መልክ ሙሉ በሙሉ ሊለውጠው ይችላል። ጊዜ የሌለው ባንድ ግን ማይኩን ባለበት ትቶ ወደሚቀጥለው ዘፈን ይሄዳል።

ፍጥነቱ ሲጨመር ደግሞ ድራሚስቱ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ሲመታ በምቶቹ መካከል 167 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ አለ። የክፍሉ ድምፅ ለመጥፋት ግማሽ ሴኮንድ ከፈለገ እያንዳንዱ ምት የሚያርፈው ቀድመው የተመቱት ሦስቱ ገና ሳይሞቱ ነው። በዘፈኑ ስር ያለማቋረጥ የሚሰማው ጭጋግ ከዚህ የተሠራ ነው። በኳርቶን ጩኸት ላይ የተደረበው ረጅም ሪቨርብ፣ ማለትም የሰፊ ባዶ አዳራሽ ዓይነት ማስተጋቢያ፣ ይህንኑ ጭጋግ ያጠነክረዋል። ሪቨርቡ ሌላም ሥራ አለው፦ የትንፋሽ መቆራረጥንና የአቀዳዱን ስፌት ይሸፍናል።

## ታዲያ ይህ ሁሉ ጉድለት እንዴት ውበት ሆነ?

አንዱ ምክንያት በጆሮ ተፈጥሮ ውስጥ ነው። የሰው የድንጋጤ ጩኸት ከተራ ንግግር የሚለየው በከፍታው ብቻ አይደለም፤ የድምፁ መጠን በሴኮንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ በሚደርስ ፍጥነት ስለሚዋዥቅ ሻካራ ይሆናል። አእምሮ ያንን ሻካራነት እንደ ማስጠንቀቂያ ይሰማዋል። የተቆረጠ የጊታር ድምፅና የኳርቶን ጉሮሮ ያንኑ ደወል ይነካሉ፤ አድማጩ ግን ወንበሩ ላይ በሰላም ተቀምጧል። አደጋ የሌለበት ድንጋጤ በጨለማ ተረት እንደመስማት ነው።

ሁለተኛው የጎደለውን የመሙላት ጠባያችን ነው። ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ በሚሰማበት ቀረጻ አምስት ሰዎች ክፍል ውስጥ ሲጫወቱ ይታያችኋል። ጭጋግ ውስጥ ግን ሰዎቹ ይጠፋሉ። ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ሰው እንደሆነ፣ ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ የማይታወቅ ነገር ብቻ ይቀራል። በጨለማና በፍርሃት ዙሪያ ለሚዞር ሙዚቃ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው፤ ስለዚህ አልበም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው። መጥፎ ቀረጻ ሁሉንም ነገር እኩል አያጠፋም። እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት የጊታር ዜማዎችን ያጠፋል፤ የራሱን መንገድ የሚሄድ ቤዝ፣ ረቂቅ የሲምባል ጨዋታ፣ በቃላት ላይ የቆመ መዝሙርም አያልፉም። አጭር፣ ተደጋጋሚና ሰፊ እርምጃ ያለው ዜማ ግን ያልፋል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ምት ያልፋል፤ እንደ ቋንቋ ሳይሆን እንደ መሣሪያ የሚያገለግል ጩኸትም ያልፋል። የባቶሪ ዘፈኖች በሁለትና በሦስት የጊታር ሐረግ የተገነቡ፣ ቶሎ ጀምረው ቶሎ የሚያልቁ ናቸው። ጋራዡ የሚያጠፋውን ነገር ዘፈኖቹ ከመጀመሪያውም አልያዙትም። ስለዚህ ጭጋጉ የሚሸፍነው አልነበረም፤ ጨመረላቸው እንጂ።

ለዚህ ነው በደንብ ያልተቀዳ ሁሉ ውብ ነው ማለት ስሕተት የሚሆነው። በዚያው ዘመን በየጋራዡና በየምድር ቤቱ የተቀዱ እጅግ ብዙ የሜታል ናሙናዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ዛሬ ሲሰሙ አድካሚ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ውስብስብ ሙዚቃ በጠባብ ቀዳዳ ለማሳለፍ ሞክረዋል። ለሰፊ ስቱዲዮ የተጻፈ ዘፈን ጋራዥ ውስጥ ሲቀዳ የምንሰማው የጎደለውን ነው። የባቶሪን ስንሰማ ግን የጎደለ ነገር አይመጣብንም።

## ሽፋኑስ ለምን ቢጫ ሆነ?

በሽፋኑ ላይ ያለው የፍየል ራስ በወርቅ ቀለም እንዲታተም ታስቦ ነበር። ወርቃማ ቀለም ውድ ሆነና በምትኩ ደማቅ ቢጫ ወጣ። ውጤቱ ስላልተወደደ ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ቅጂዎች በኋላ ምስሉ በጥቁርና ነጭ ሆነ። «ቢጫው ፍየል» የሚባለው ያ የመጀመሪያ እትም ዛሬ ሸክላ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት ነው። ድምፁ ላይ የሆነው ሽፋኑም ላይ ሆነ።

## ካሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

ትልቅ ድርሻ አለው። ሸክላው በየአገሩ አይገኝም ነበር፤ ሙዚቃው የተሰራጨው ወጣቶች በፖስታ በሚለዋወጡት ቅጂ ካሴት ነው። በካሴት ዘመን ያደገ አንባቢ የቅጂ ቅጂ ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ይህ ዝግታ ቀጭኑን ድምፅ ለመያዝ አይመችም። አንዱ ቴፕ ሄዱ (ክሩን የሚነካው፣ የሚቀዳውና የሚያነበው ክፍሉ) ጥቂት ዘመም ብሎ የቀዳውን ሌላ ቴፕ ሲያጫውተው ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ ይጠፋል። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ሹሹታ ይጨምራል፤ ሞተሩ እኩል ካልዞረ ዜማው ይዋዥቃል። ብዙ አድማጮች አልበሙን ያወቁት እንዲህ ሦስትና አራት እጅ ካለፈ በኋላ ነው። በኋላ ባንድ መሥርተው «ያንን ድምፅ» ሲፈልጉ የጋራዡንም የካሴቱንም ድምፅ በአንድ ላይ ነበር የሚፈልጉት።

## ገንዘብ እያላቸው እንዲህ የቀዱስ አሉ?

አሉ። ግልጹ ምሳሌ የኖርዌዩ ዳርክትሮን ነው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው እዚያው ስቶክሆልም ውስጥ ባለ የታወቀ ስቱዲዮ የተቀዳ፣ ወፍራምና የተስተካከለ የዴዝ ሜታል ሥራ ነው። በ1992 ግን ፊታቸውን አዞሩ፤ ጊታሩ ቀጠነ፣ ድራሙ ተራቆተ። አሳታሚያቸው ድምፁ ደካማ ነው ብሎ እንደገና እንዲቀናበር ሐሳብ አቀረበ፤ ባንዱ እንቢ አለ። በ1994 የወጣውን አልበም ሙዚቃ ድራሚስቱ ብቻውን፣ ቤቱ ውስጥ፣ በአራት ትራክ መቅጃ ቀዳው።

ባቶሪ ያለውን መሣሪያ ተጠቀመ፤ ዳርክትሮን የተሻለውን ቀምሶ ተወው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ጠብቀዋል፦ ለዚያ ድምፅ የሚሆን ዘፈን ጽፈዋል። ከእነሱ በኋላ ቅዝቃዜውን ብቻ የቀዱ ብዙ ባንዶች የሳቱት ይህንን ነው።

## ይህ የሰይጣን ሙዚቃ አይደለም እንዴ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀጥታ መመለስ አለበት። የአልበሙ ግጥሞች ሰይጣንን፣ ሲኦልንና ሙታንን በስም የሚጠሩ ናቸው፤ ይህን መሸፋፈን አይቻልም። ኳርቶን በኋላ ባደረጋቸው ቃለ መጠይቆች ያ ምስል ከአስፈሪ ፊልሞችና ከሥዕላዊ መጽሔቶች የተቀዳ መሆኑን ተናግሯል። ከ1988 ጀምሮ ባንዱ ፊቱን ወደ ጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ታሪክና አፈ ታሪክ አዞረ፤ ድምፁም ሰፊና ዘገምተኛ ሆነ። ኳርቶን በ2004፣ በ38 ዓመቱ አረፈ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ የብላክ ሜታል ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል፤ ይህ ወንጀል ነው፤ በፍርድ ቤት የተቀጡም አሉ። የእምነቱ ጉዳይ የከበደው ሰው አልበሙን አለመስማት ሙሉ መብቱ ነው። የቀረጻው ነገር ግን ለማንኛውም ሙዚቃ የሚሠራ ስለሆነ ለብቻው ሊታይ ይችላል።

## ዛሬ እንዲህ ያለ ድምፅ መቅዳት የፈለገ ሰው ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ስሕተት ሁሉን ንጹሕ አድርጎ ቀድቶ መጨረሻ ላይ በኮምፒውተር «የድሮ ድምፅ» ማልበስ ነው። ንጹሕ ልብስ ላይ ጭቃ እንደ መርጨት ነው፤ ጭቃው ከውጭ መሆኑ ይታወቃል። ሻካራነቱ ከምንጩ መግባት አለበት።

ገደብ አብጁ። ፕሮግራሙ መቶ ትራክ ቢሰጣችሁም ስምንት ብቻ ክፈቱ። ለድራሙ ሦስት ማይክ ይበቃል፤ አንድ ኪኩ ፊት፣ አንድ ስኔሩ አጠገብ፣ አንድ ከድራሚስቱ ራስ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ትንሽ አምፕሊፋየር ፈልጉ፤ የጊታር ማይኩን ከስፒከሩ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አስጠጉት፤ ከመሐሉ ጥቂት ወደ ጠርዝ ካዞራችሁት መብሳቱ ይቀንሳል። ጌይኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን የሚወስነውን ቁልፍ) እስከ መጨረሻ አትክፈቱ፤ ከአሥር ስድስት ወይም ሰባት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ፒኩ ክሩን የሚነካበት ድምፅ ይሟሟና ፈጣኑ ምት ሁሉ አንድ የራዲዮ ጩኸት ይሆናል። መካከለኛውን ድምፅ አትቁረጡት፤ ለብቻው ሲሰማ ቁርጡ ያምራል፣ ከድራም ጋር ሲሆን ግን ጊታሩ ይሰወራል። ግራና ቀኝ ለማድረግ አንዱን ቀረጻ አትገልብጡ፤ ያው ሰው ሁለት ጊዜ ይምታው። ስፋቱ የሚመጣው ከሁለቱ ጥቃቅን ልዩነት ነው።

መቆረጥ ያለበት ድምፅ አምፕሊፋየሩ ወይም ቴፑ ውስጥ ይቆረጥ። ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም፤ የዲጂታል ቁርጥ ደረቅና ጆሮ የሚያደማ ነው፤ ቴፕ የሚሰጠውን ልስላሴ አይሰጥም። ሪቨርቡን ከድምፁ ጋር አብራችሁ ቅዱት፤ በኋላ የምትለውጡት ከሆነ መወሰን አትችሉም። ድራሙን በኮምፒውተር መስመር ላይ አታሰልፉት። ፈጣን ክፍል ላይ ድራሚስት ጥቂት ይቸኩላል፣ ሲደክመው ጥቂት ይዘገያል፤ ጊታሪስቱ ይከተለዋል። ያ መተንፈስ ሲጠፋ የሚቀረው ሻካራ ማሽን ነው። ስሕተት ከተሠራ ሙሉውን ዘፈን ድገሙት፤ ሦስተኛው ሙከራ ካልሆነ ችግሩ ዘፈኑ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አሳጥሩት።

ቤት ውስጥ ለሚሞክር አንድ ፈጣን መፈተኛ አለ። ዘፈኑን በስልክ፣ ክፍሉ መሐል አስቀምጣችሁ ቅዱት። ያንን ስትሰሙ የጊታሩን ሐረግ ማንጎራጎር ከቻላችሁ ዘፈኑ ጋራዡን ይችላል።

## አልበሙ እንዴት ቢደመጥ ይሻላል?

በስልክ ስፒከር አይሁን። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣ ንቦቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ከስር ያለው ክብደት አይሰማም። ተራ የጆሮ ማዳመጫ ወይም መጠነኛ የቤት ስፒከር ይበቃል፤ ውድ መሣሪያ እዚህ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሸክላ ያለው ሰው አንድ ጥቅም አለው፦ በአንድ ገጽ 14 ደቂቃ እንኳ ስለማይሞላ መስመሮቹን አራርቆ በጉልበት ለመቅረጽ ቦታ አለ።

በዲጂታል የሚሰሙ አሮጌ ቀረጻዎችን ስታወዳድሩ ከፍ ብሎ የሚጮኸው የተሻለ መስሎ ይታያል። መጀመሪያ ከፍታቸውን እኩል አድርጉ። ማስተሪንግ (ከመታተሙ በፊት የሚደረገው የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ሲደገም ሹሹታው በኃይል ከተጠረገ ሲምባሎቹም አብረው ይጠረጋሉ፤ ውሃ ውስጥ የሚመቱ ከመሰሏችሁ ምልክቱ ያ ነው። ሹሹታው ያለበትን ምረጡ።

ከፍታው ይመጠን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ያስቀምጣል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ አልበም ደግሞ ጆሮ በሚነቃበት አካባቢ የተከማቸ ነው፤ ቁጥሩ ከሚለው ቀድሞ ያደክማል።

የአልበሙ መክፈቻ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚሄድ፣ ጊታር የሌለበት፣ የነፋስ ዓይነት ጸጥ ያለ መግቢያ ነው። ድምፁን በእሱ ላይ ተመርኩዛችሁ ከፍ አታድርጉ። መጀመሪያ ቀጥሎ ያለውን ዘፈን ከፍታችሁ ከፍታውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ መክፈቻው ተመልሳችሁ ሳትነኩ ተዉት፤ ነፋሱ በግድ እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ጊታሩ ሲገባ ክፍሉን ራሱ ይሞላዋል።